«ሲስተም የለም» ሲባል፦ ስለ ሊኑክስ ሰርቨር የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ወረፋ ይዞ መስኮቱ ጋ ሲደርስ «ሲስተም የለም» ተብሎ ያልተመለሰ ሰው ያለ አይመስለኝም። እኔ ያን ጊዜ ስልኬ የሚጮህብኝ ሰው ነኝ። ሥራዬ ሊኑክስ የሚባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም የተጫነባቸውን ሰርቨሮች (ለሌሎች አገልግሎት የሚሰጡ ኮምፒውተሮችን) መጠበቅ ነው። ባለፉት ዓመታት የታዘብኩት ነገር ቢኖር፣ ሰርቨር ሲታመም ሕመሙን አብዛኛውን ጊዜ ራሱ በትክክል ይናገራል። እኛ ግን የተናገረውን ትተን የመሰለንን እንሰማለን። ከዚህ በታች ያሉትን አባባሎች ከባልደረቦቼም፣ ከአለቆቼም፣ ከራሴም አፍ ሰምቻቸዋለሁ።

«አጥፍተህ አብራው»

የሁላችንም የመጀመሪያ መድኃኒት ናት። አትሠራም አልልም። ብዙ ጊዜ ትሠራለች፣ ተንኮሏም እዚያ ላይ ነው። ሰርቨሩ ይነሳል፣ ሁሉም ተመስገን ብሎ ወደ ቤቱ ይገባል፣ በሦስተኛው ቀን ያው ችግር ተመልሶ ይመጣል። ምክንያቱን ሊያሳየን ይችል የነበረው ማስረጃ ግን የለም። የትኛው ፕሮሰስ (እየሠራ ያለ ፕሮግራም) ሜሞሪ ይበላ እንደነበር፣ የትኛው ፋይል ተከፍቶ እንደነበር፣ ሰርቨሩ ከማን ጋር እየተገናኘ እንደነበር፣ ይህ ሁሉ የነበረው ራም (ማሽኑ ሲጠፋ የሚጠፋ ጊዜያዊ ማስቀመጫ) ላይ ነው። ሎጉም (ሰርቨሩ የሆነውን የሚጽፍበት መዝገብ) ቢሆን ሁልጊዜ አይተርፍም። ሲስተምዲ (አገልግሎቶችን የሚያስነሳና የሚቆጣጠር ፕሮግራም) ያላቸው ሰርቨሮች ላይ የጆርናሉ (የሎጉ) ፎልደር ዲስኩ ላይ ከሌለ፣ ጆርናሉ የሚጻፈው ራም ላይ ነው። ሰርቨሩ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል።

ሌላም ጣጣ አለው። አንድ ዓመት ተኩል ሳይጠፋ የኖረ ሰርቨር ሲጠፋ መነሳቱን በምን እናውቃለን? አንድ ዓርብ ማታ ቀላል ለሆነ መንቀራፈፍ ብዬ አንዱን ሪስታርት አደረግኩት። ማሽኑ ተነሳ፣ ዋናው አገልግሎት ግን አልተነሳም። ለካ ከእኔ በፊት የነበረው ልጅ በእጁ አስነስቶት ሄዷል፣ ማሽኑ ሲበራ አብሮ እንዲነሳ ግን አላደረገውም። እንዴት እንዳስነሳው የጻፈው ነገር የለም። ቅዳሜን እስከ ቀትር እዚያው ዋልኩ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው።

ስለዚህ ማጥፋት የግድ ከሆነ አጥፉት። ግን ሁለት ደቂቃ ውሰዱ። የቶፕን (ማን ምን ያህል እየበላ እንደሆነ)፣ የዲሜሴጅን (የኬርነሉ፣ ማለትም የሊኑክስ እምብርት፣ መልእክቶች)፣ የዲኤፍን (የዲስክ ቦታ) ትዕዛዞች ውጤት ፋይል ላይ አስቀምጡና ከዚያ በኋላ።

«ራሙ አልቋል፣ ራም ይገዛ»

አለቃ ሰርቨሩን አይቶ ከ32 ጊጋ ራም ነፃ የቀረው 400 ሜጋ ብቻ ነው ሲባል ይደነግጣል። አይፈረድበትም። ሊኑክስ ግን ራም ባዶውን ሲቀመጥ አይወድም። ከዲስክ ያነበበውን ፋይል «ምናልባት ተመልሶ ቢፈለግ» ብሎ ራም ላይ ያቆየዋል። ታክሲ ውስጥ ባዶ ወንበር ላይ ቦርሳ እንደማስቀመጥ ነው። ሰው ሲገባ ቦርሳው ይነሳል። ቦርሳውን አይቶ «ታክሲው ሞልቷል» የሚል ወያላ አላየሁም።

«ፍሪ» የሚባለውን ትዕዛዝ ስትሰጡ ዓይናችሁ «ፍሪ» በሚለው ዓምድ ላይ አይረፍ። «አቬይለብል» የሚለውን፣ ቦርሳው ቢነሳ ስንት ቦታ እንደሚገኝ የሚገምተውን፣ እዩ። ኬርነሉ ይህን ግምት ራሱ ማውጣት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው 3.14 ነው፣ አዲስ ነገር አይደለም። አንዳንዱ ደግሞ በየሰዓቱ ካሹን (ራም ላይ የቆየውን ያንን ፋይል) የሚያጸዳ ክሮን (በሰዓቱ ራሱ የሚሠራ ትዕዛዝ) ጽፎ ሰርቨሩን የረዳው ይመስለዋል። ያደረገው ነገር ቢኖር ሰርቨሩ ያነበበውን ሁሉ እንደገና ከዲስክ እንዲያነብ ማስገደድ ነው።

እውነተኛ የራም እጥረት ምልክቱ ሌላ ነው። «አቬይለብል» ወደ ዜሮ ይጠጋል። ቪኤምስታት በሚባለው ትዕዛዝ ላይ ወደ ስዋፕ (ራም ሲጠብ ዲስክ ላይ ያለ ማረፊያ) የሚገባውንና የሚወጣውን የሚያሳዩት ሁለት ዓምዶች ያለማቋረጥ ቁጥር ያሳያሉ። ስዋፕ ላይ ትንሽ ነገር ተቀምጦ መገኘቱ ብቻውን ምንም አይደለም፣ መመላለሱ ነው ክፉው። ነገሩ ሲብስ ኬርነሉ ራሱ አንድ ፕሮሰስ መርጦ ይገድላል። ብዙ ጊዜ ዕጣው የሚወጣው ለዳታቤዙ ነው፣ ብዙ የሚበላው እሱ ስለሆነ። «ዳታቤዙ ዝም ብሎ ወደቀ፣ ሎጉ ላይ ምንም የለም» ሲባል መጀመሪያ የማየው ዲሜሴጅን ነው። ዳታቤዙ የመሰናበቻ ቃል የመጻፍ ዕድል አልተሰጠውም። ኬርነሉ ግን የገደለውን በስሙና በቁጥሩ መዝግቦ ይገኛል።

«ዲስኩ ግማሹ ባዶ ነው፣ እንዴት ሞላ ይለኛል?»

ይህቺን እወዳታለሁ። ፋይል ለመጻፍ ትሞክራላችሁ፣ ሰርቨሩ «ኖ ስፔስ ሌፍት ኦን ዲቫይስ» ይላል። ዲኤፍን ስትጠይቁት ግማሹ ባዶ ነው። ማን ይዋሻል? ማንም። ፋይል ሁለት ነገር ይፈልጋል፦ የሚቀመጥበት ቦታ እና የሚመዘገብበት ቁጥር። ቁጥሩ አይኖድ ይባላል። ኤክስት4 በሚባለው የፋይል ሲስተም (ፋይሎች ዲስክ ላይ የሚደራጁበት መንገድ) የአይኖዶቹ ብዛት የሚወሰነው ዲስኩ ፎርማት ሲደረግ ነው። ድረ ገጹ በየጎብኚው አንድ ትንሽ የሴሽን (የጉብኝት መዝገብ) ፋይል እየፈጠረ የማያጠፋ ከሆነ፣ መጋዘኑ ባዶ ሆኖ የመዝገብ ደብተሩ ያልቃል። ዲኤፍን ከ«-አይ» ጋር ስጡት፣ 100 በመቶ ብሎ ያሳያችኋል።

የዚህ ተቃራኒ ደግሞ አለ። ዲስኩ በእርግጥ ሞልቷል። 40 ጊጋ የደረሰ ሎግ አገኛችሁ። ሰረዛችሁት። ዲኤፍ አሁንም ሞልቷል ይላል። ዲዩ የሚባለው ትዕዛዝ ግን ፎልደሮቹን ደምሮ የለም ይላል። ሁለቱን አፋጥጦ «አንዱ ተበላሽቷል» የሚል ሰው አጋጥሞኛል። ነገሩ ወዲህ ነው፦ በዩኒክስ (ሊኑክስም የተከተለው ሲስተም) ፋይል ስትሰርዙ የምትሰርዙት ስሙን ነው። ፋይሉን የከፈተ ፕሮሰስ እስካለ ድረስ ይዘቱ ዲስኩ ላይ ይቆያል። ስም የሌለው፣ ግን ቦታ የያዘ። ፕሮሰሱም እየጻፈበት ይቀጥላል። ዲዩ የሚሄደው በስም ስለሆነ አያየውም። ዲኤፍ የሚጠይቀው ፋይል ሲስተሙን ስለሆነ ያየዋል።

ኤልሶፍ የሚባለው ትዕዛዝ የተሰረዙ ግን ያልተዘጉ ፋይሎችን ከነባለቤታቸው ያወጣላችኋል። ያንን አገልግሎት ሪስታርት ማድረግ ብቻ ይበቃል፣ ማሽኑን ሙሉ ማጥፋት አያስፈልግም። ከመጀመሪያው ግን እየተጻፈበት ያለን ሎግ ከመሰረዝ ይዘቱን ወደ ዜሮ ማሳጠር ይሻላል።

«ሎዱ 20 ገባ፣ ሲፒዩው አልቻለም»

ሎድ አቬሬጅ (በአማካይ ስንት ፕሮሰስ እየሠራ ወይም ተራ እየጠበቀ እንደሆነ) ሦስት ቁጥሮች ናቸው፦ የ1፣ የ5 እና የ15 ደቂቃ። መጀመሪያ ነገር 20 ለብቻው ትርጉም የለውም። 4 ኮር (የሲፒዩ ሠራተኛ) ላለው ማሽን ብዙ ነው፣ 64 ኮር ላለው ምንም አይደለም። ሁለተኛው ነገር ብዙ ሰው የማያውቀው ነው። ሊኑክስ እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ ሲፒዩ የሚጠቀሙትንና የሚጠብቁትን ፕሮሰሶች ብቻ ሳይሆን፣ ዲስክ ወይም መሰል ነገር እየጠበቁ ሊቋረጡ በማይችሉበት እንቅልፍ ላይ ያሉትንም ይቆጥራል። ሌሎቹ ዩኒክሶች በአብዛኛው ይህን አያደርጉም።

ስለዚህ ከሌላ ማሽን በኔትወርክ የተያያዘ ፎልደር ቢኖራችሁና ያኛው ማሽን ቢጠፋ፣ ፎልደሩን የነኩ ፕሮሰሶች ሁሉ ተሰልፈው ይቀራሉ። ሎዱ 50፣ 80 ይገባል። ሲፒዩው ግን ተኝቷል። እንዲህ ባለ ቀን «ተጨማሪ ኮር ይጨመር» የሚል ኢሜይል ደርሶኛል። የጠፋው ጎረቤት ማሽን ነበር።

«ኪል -9 ማንንም ይገድላል»

ኪል ፕሮሰስ ማስቆሚያ ትዕዛዝ ነው፣ 9 ደግሞ ያለ ማስጠንቀቂያ ግደል ማለት። ሁሉንም ግን አይገድልም። ዞምቢ የሚባለው ፕሮሰስ ቀድሞ የሞተ ነው፤ የቀረው ወላጁ (ያስነሳው ፕሮሰስ) መርዶውን ሰምቶ ስሙን ከመዝገብ እስኪያስወጣው ብቻ ነው። ሬሳ ደግሞ ሁለት ጊዜ አይሞትም። ወላጁን ፈልጉት። ከላይ ባልኩት የማይቋረጥ እንቅልፍ ላይ ያለውም አብዛኛውን ጊዜ እስኪነቃ ድረስ አይሰማችሁም። ለሌሎቹ ደግሞ በ9 ፈንታ 15 ቁጥርን ሞክሩ። 15 «ዕቃህን ሰብስበህ ውጣ» ነው። 9 አንገት መቁረጥ ነው፣ ዳታቤዝ በጽሑፍ መሐል ላይ እያለ አይደረግም።

«ሲኤችሞድ 777 ስጠውና ይገላግለን»

ሲኤችሞድ የፋይል ፈቃድ መቀየሪያ ትዕዛዝ ነው፣ 777 ደግሞ ለሁሉም ሁሉንም መፍቀድ። «ፐርሚሽን ዲናይድ» (ፈቃድ የለህም) ሲመጣ በሩን ለመንደሩ ሁሉ መክፈት። ስንት ጊዜ ያባብሰዋል መሰላችሁ! ኤስኤስኤች (ከሩቅ ወደ ሰርቨር መግቢያው) ሌላ ሰው ሊያነበው የሚችል የግል ቁልፍን አልቀበልም ይላል። ሰርቨሩ ላይ ያለውን የራሳችሁን (ሆም) ፎልደር 777 ብታደርጉት በቁልፍ መግባት ራሱ ይከለከላል። ጥፋቱ ደግሞ ብዙ ጊዜ ፋይሉ ላይ አይደለም። ወደ ፋይሉ በሚወስደው መንገድ ላይ አንድ ፎልደር የማለፊያ ፈቃድ ስለሌለው ነው። ወይም ኤስኢሊኑክስ የሚባለው ተጨማሪ ጥበቃ ነው፣ እሱ 777ን ከቁብ አይቆጥረውም።

«ፒንግ አልመለሰም፣ ሰርቨሩ ሞቷል»

ፋየርዎሉ (የኔትወርክ በረኛው) የፒንግን («አለህ ወይ?» ብሎ መጠየቂያውን) ፓኬት ዘግቶት ሊሆን ይችላል። ደህና ማሽን ነው፣ ዝም ያለው ዝም በል ስለተባለ ነው። በተገላቢጦሹ ደግሞ ፒንግ እየመለሰ ሞቶ ያለ ሰርቨር አለ። ለፒንግ የሚመልሰው ኬርነሉ ነው። ከሱ በላይ ያለው ድረ ገጽም ዳታቤዝም ቢወድቅ ኬርነሉ «አለሁ» ማለቱን ይቀጥላል።

ከፒንግ ይልቅ ፖርቱን (የአገልግሎቱን በር) አንኳኩ፣ መልሱን ደግሞ በደንብ አዳምጡ። «ኮኔክሽን ሪፊዩዝድ» ካለ ብዙውን ጊዜ የምሥራች ነው። በሩ ድረስ ደርሳችኋል፣ አንድ ሰው ከውስጥ «እሱ እዚህ የለም» ብሏችኋል። ማሽኑ አለ፣ የጠፋው አገልግሎቱ ነው። «ታይምድ አውት» ካለ ግን ማንም አልመለሰላችሁም። ፋየርዎል፣ መንገድ፣ ወይም የእውነት የጠፋ ማሽን ነው። እነዚህን ሁለት መልሶች ለይቶ የሚነግረኝ ሰው ሲደውል ግማሽ ሰዓት ያተርፍልኛል።

«ልምድ ያለው ሰው እንዲህ አይሳሳትም»

እ.ኤ.አ. ጥር 31 ቀን 2017 ጊትላብ የተባለው የፕሮግራም ኮድ ማስቀመጫ ኩባንያ ባለሙያ ማታ የዳታቤዝ ችግር እየፈታ ነበር። ሁለት ሰርቨሮች አሉ፣ ዋናውና ቅጂው። የቅጂውን ፎልደር ሊያጠፋ አስቦ ትዕዛዙን ዋናው ላይ ሰጠ። ስህተቱን ሲያውቅ ከ300 ጊጋ ገደማ የቀረው 4.5 ጊጋ ነበር። አምስት ዓይነት ባክአፕና ቅጂ ነበራቸው፣ አንዱም በሚገባ አልሠራም። ያዳናቸው ከ6 ሰዓት ገደማ በፊት ለሌላ ሥራ ተብሎ በእጅ የተወሰደ ቅጂ ነው። ኩባንያው ይህን ሁሉ ሳይደብቅ ለሕዝብ ጽፎታል፣ ለዚህ ባርኔጣዬን አነሳለሁ። እኔ ጋ ከዚያ ወዲህ የዋናው ሰርቨር ተርሚናል (ትዕዛዝ መጻፊያ መስኮት) ቀይ ነው። የሌሎቹ አረንጓዴ።

«ያ ሰዓት ላይ ሎጉ ባዶ ነው»

ይህ የኛ የሀበሾች ልዩ ፈተና ነው። ደንበኛ ይደውላል፦ «ሰኞ ለማክሰኞ አጥቢያ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ቆመብን»። አዲሱ ልጅ ሎጉን ይከፍታል። ማክሰኞ 8 ሰዓትን ይፈልጋል። ምንም የለም። «ሰርቨሩ ምንም አልሆነም፣ ኔትወርካችሁን እዩ» ይላል።

በኛ ከሌሊቱ 8 ሰዓት በፈረንጅ አቆጣጠር ማክሰኞ ንጋት 2 ሰዓት ነው። ብዙ ሰርቨሮች ደግሞ ሎጋቸውን የሚጽፉት በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) ነው፣ ከኢትዮጵያ በ3 ሰዓት ወደኋላ። ስለዚህ የሚፈለገው መስመር ያለው ሰኞ 23 ሰዓት ላይ ነው። ቀኑም ሰዓቱም ሌላ ነው። ዋሽንግተን ያለ ባልደረባ ከተጨመረበት ደግሞ በክረምታቸው 8፣ በበጋቸው 7 ሰዓት ይለየናል። በዚህ ላይ የማሽኑ ሰዓት ራሱ ተዛብቶ ከሆነ አለቀ። ሰዓቱ ወደኋላ የቀረ ሰርቨር ትናንት የታደሰ ሰርተፊኬትን (የድረ ገጽ ማንነት ማረጋገጫን) «ገና ጊዜው አልደረሰም» ብሎ ይመልሳል፣ እኛም ሰርተፊኬቱን ስንኮንን እንውላለን።

አሁን ስልክ ሳነሳ ከሰላምታ በኋላ መጀመሪያ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ «ሰዓቱ በኛ ነው በፈረንጅ?» ባለፈው ሳምንት አንዷ «ግድግዳው ላይ ባለው ነው» አለችኝ። ግድግዳው ላይ ያለው 20 ደቂቃ ይቀድም ነበር።