ከ8 ዘሎ 10፦ የሶፍትዌር ቁጥር እንዴት ይመረጣል?

ዊንዶውስ 9 የሚባል ነገር የለም። ማይክሮሶፍት ከዊንዶውስ 8.1 ተነስቶ በፈረንጆቹ 2015 ዊንዶውስ 10ን አወጣ። ድረ ገጽ መሥሪያ የፕሮግራም ቋንቋ የሆነው ፒኤችፒም በዚያው ዓመት ከ5 ወደ 7 አለፈ። የቨርዥን (የሶፍትዌር እትም) ቁጥር ተራ ቆጠራ አይደለም። ሁለት አንባቢ አለው፤ አንዱ ሰው፣ ሌላው ፕሮግራም። ሁለቱ ደግሞ አንዱን ቁጥር በየራሳቸው መንገድ ነው የሚያነቡት።

በሰፊው የተለመደው አሠራር ሦስት ቁጥሮችን በነጥብ ይለያል፤ ለምሳሌ 2.4.1። ስህተት ሲታረም የመጨረሻው ይጨምራል፤ አዲስ ነገር ሲገባ የመሃሉ። የመጀመሪያው ከጨመረ ግን ጠንቀቅ ነው፤ ከድሮው ጋር ተስማምቶ ይሠራ የነበረ ነገር ሊበላሽ ይችላል። ነጥቡ የአስርዮሽ ነጥብ ስላልሆነ 2.10 ከ2.9 ይበልጣል።

ጣጣው የሚመጣው አሮጌ ኮድ ቁጥሩን አሳስቶ ሲያነብ ነው። ኦፔራ የተባለውን ብሮውዘር (ድረ ገጽ መክፈቻ) እንይ። ብሮውዘር ድረ ገጽ ሲከፍት ስሙንና ቁጥሩን ለሰርቨሩ፣ ማለትም ድረ ገጹን ለሚያቀርበው ኮምፒውተር ይናገራል። ኦፔራ በ2009 10 ላይ ሲደርስ አንዳንድ ድረ ገጾች የመጀመሪያዋን አሃዝ ብቻ አነበቡና ኦፔራ 1 የመጣ መሰላቸው። ስለዚህ ብሮውዘሩ «ኦፔራ/9.80» እያለ ራሱን ማስተዋወቁን ቀጠለ፤ እውነተኛውን 10.00 ከመልእክቱ መጨረሻ ላይ አስቀመጠው። በ2022 ክሮምና ፋየርፎክስ 100 ሊደርሱ ሲሉም ያው ስጋት ተነስቶ ነበር፤ ሰሪዎቹ ግን ቀድመው ፈትሸው ተዘጋጁ። ዊንዶውስ 7ም ከውስጥ ሲታይ ቁጥሩ 6.1 ነው፤ ከእሱ በፊት የነበረውን የዊንዶውስ ቪስታን 6.0 የለመዱ ፕሮግራሞች እንዳይደናገሩ ነው። ዊንዶውስ 9 የተዘለለው አሮጌ ፕሮግራሞች ከዊንዶውስ 95 እና ከ98 ጋር እንዳያምታቱት ነው የሚባለው ግን በይፋ ያልተረጋገጠ ወሬ ነው።

ከዝላዮቹ ሁሉ ለእኔ አሳማኙ የፒኤችፒ ነው። ፒኤችፒ 6 የዓለምን ፊደላት በሙሉ ከሥረ መሠረቱ እንዲይዝ ታስቦ ነበር። ሥራው ከአቅም በላይ ሆኖ በ2010 ተቋረጠ። እስከዚያው ግን ስለ ፒኤችፒ 6 የሚያስተምሩ መጻሕፍት ታትመው ገበያ ላይ ውለዋል። አዲሱ 6 ቢባል ተማሪው የሌለ ነገር ይዞ ሊለፋ ነው። ድምፅ ተሰጥቶበት 7 ተባለ። ለተጠቃሚ ማሰብ ማለት ይሄ ነው።

ሌሎቹ ምክንያቶች የገበያ ናቸው። ስላክዌር ሊነክስ የተባለው የኮምፒውተር ሲስተም በ1999 ከ4 ወደ 7 የዘለለው ተፎካካሪዎቹ 6 ላይ ስለነበሩ ነው፤ ቁጥሩ ትንሽ ስለሆነ ብቻ ሰዉ ወደኋላ የቀረ ይመስለው ነበር። ማይክሮሶፍት ኦፊስ ከ12 ወደ 14 ሲሄድ 13 ተዘለለች፤ በምዕራባውያን ዘንድ ገደቢስ ቁጥር ናት። አፕል ደግሞ በ2025 የአይፎኑን ሲስተም አይኦኤስን ከ18 ወደ 26 አሻገረው፤ የሁሉም ሲስተሞቹ ቁጥር በዓመት እንዲመሳሰል።

የሊነክስ ከርነል (የሲስተሙ እምብርት) በ2011 ከ2.6.39 ወደ 3.0 ሲያልፍ ሰሪው ሊነስ ቶርቫልድስ የተለየ ለውጥ እንዳትጠብቁ ብሎ በግልጽ ተናግሯል። ቁጥሩ ስለበዛ ብቻ ነው የለወጠው።

ከሁሉም ለየት የሚለው ቴኽ የተባለው የጽሑፍ ማቀናበሪያ ነው። ሰሪው ዶናልድ ክኑዝ ስህተት ባረመ ቁጥር ቁጥሩን ወደ ፓይ (3.14159…) የሚያስጠጋ አንድ አሃዝ ይጨምርበታል። በ2021 3.141592653 ደርሷል። ክኑዝ ሲሞት ቁጥሩ ራሱ ፓይ እንዲሆን ወስኗል፤ ከዚያ በኋላ የሚገኝ ስህተት ካለም እንዳለ ይቀራል።