«ከፊል ብቃት» ምንድን ነው?

ደሴ፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ አንድ የሰባተኛ ክፍል ልጅ ሒሳብ አስጠናለሁ። እናቱ ቡና ትሸጣለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ሚዛኑ ላይ የሚቆመው እሱ ነው። «ግማሽ ኪሎና ሩብ ኪሎ አንድ ላይ ስንት ነው?» ስለው ጥያቄዬን ሳልጨርስ «750 ግራም» ይለኛል።

ያንኑ ደብተሩ ላይ 1/2 + 1/4 ብዬ ጻፍኩለት። 2/6 አለኝ። ላዕሉን ከላዕል፣ ታህቱን ከታህት ደምሮት ነው። 2/6 ሲቃለል 1/3 ነው። ግማሽ ላይ ጨምሮ ከግማሽ ያነሰ አገኘ! ሚዛን ላይ ቢሆን ደንበኛው ባልማረው ነበር።

እናቱ «ሒሳብ አይገባውም» ትለኛለች። «አብሽሪ» እላታለሁ። ከፊል ብቃት የሚባለው ይኼ ነው፦ ችሎታው አለ፣ ግን አንዱ ቦታ ይሠራል፣ ሌላው ቦታ ይከዳል።

ከፊል ሲባል ታዲያ ግማሽ አይምሰላችሁ። ካርድ ላይ 50 ያመጣ ልጅ ግማሹን ያውቃል እንላለን። የትኛውን ግማሽ? ካርዱ አይነግረንም።

ሌላ ልጅ ደግሞ −3 × −5 ስትሉት 15 ይላል። ትክክል። −3 − 5 ስትሉት ግን 8 ይላል። «ኔጌቲቭ በኔጌቲቭ ፖዘቲቭ ነው» የሚለውን ሸምድዷል፤ ለማባዛትና ለማካፈል እንጂ ለመደመር እንደማይሆን አልያዘም። 3 ብር ዕዳ ያለበት ሰው 5 ብር ቢጨምርበት 8 ብር አተረፈ እንደማለት ነው። ልብ በሉ፣ ምንም ያልተማረ ልጅ ይህን ስህተት አይሠራም።

አሜሪካዊው የትምህርት ሥነ ልቦና ባለሙያ ቤንጃሚን ብሉም በ1968 እ.ኤ.አ. ባቀረበው ሐሳብ፣ ልጁ የቱ ጋ እንደተደናቀፈ የሚያሳይ አጭር ፈተና ይሰጥ፣ ማረሚያው ከዚያ ይከተል ብሏል። እኔም ለባለ ሚዛኑ ልጅ እናት «ደካማ ነው» አልልም። እንዲህ ብዬ ጻፍኩላት፦ «ታህቱ አንድ ሲሆን ይደምራል። ሲለያይ፣ ሚዛኑን ካላሰበ፣ ታህቱንም ይደምረዋል። ትንሹን የጋራ ብዜት ማውጣት ያውቃል፤ መቼ እንደሚያስፈልገው ግን ገና ነው።»

ከዚያ ወዲህ ግማሽና ሩብ አያስቸግሩትም፤ ወደ ግራም ይቀይራቸዋል። ባለፈው 1/3 + 1/4 ሰጠሁት። የሲሶ ኪሎ መመዘኛ የለም። ትንሽ አየውና እርሳሱን አስቀመጠ።

«ቲቸር፣ ይሄንማ የሚገዛ የለም።»