የፍጥነት ወጥመድ ምንድን ነው?

«ፖሊሱ ተደብቆ ከያዘህ የፍጥነት ወጥመድ ነው። ዳኛው ፊት ይህንኑ ተናገር፣ ቅጣቱ ይሰረዝልሃል።» አሜሪካ ለሚነዱ ሐበሾች ይህ ምክር ሲሰጥ ስንት ጊዜ እንደሰማሁ መቁጠር ትቻለሁ። ባለፈው ሳምንት ደግሞ አንድ ተንታኝ በሙሉ ልብ ደገመው። እንጀራዬ የመኪና ፍጥነት መለካት ነውና ዝም ብዬ ማለፍ አቃተኝ።

ማድፈጥና ወጥመድ ለየቅል ናቸው። ጦሩን ይዞ ከቁጥቋጦ ጀርባ የተቀመጠ ሰው አድፍጧል እንጂ ወጥመድ አልዘረጋም። ወጥመድ አውሬው ዘወትር በሚመላለስበት ዱካ ላይ የሚጣል ገመድ ነው። አውሬው የሄደው እንደ ወትሮው ነው፤ ገመዱ ነው አዲስ የመጣው።

መንገድም ዱካ አለው። ብዙ ሰው ማንንም ሳይገፋ፣ ማንም ሳይገፋው የሚነዳበት ፍጥነት ማለቴ ነው። እሱን ለማወቅ ምልክት የሌላት ተራ መኪና ውስጥ ራዳር ይዤ እቀመጣለሁ፤ ሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት አይሆንም። ከፊቱ ሌላ መኪና ያልያዘውን ሹፌር ብቻ እየመረጥኩ መቶ ያህል ፍጥነት እመዘግባለሁ። ከመቶው 85ቱ የማያልፉት ፍጥነት የገደቡ መነሻ ይሆናል። ያለ ምክንያት ከዚያ በታች የተሰቀለ ገደብ ነው ገመዱ። ልብ በሉ፣ እኔም የምሠራው ተደብቄ ነው። መሣሪያውን ያየ ሁሉ ፍሬን ይረግጣል። አንድ ጊዜ አዲስ ባልደረባዬ ብርቱካናማ ሰደርያውን ለብሶ እግሩን ለማፍታታት ከመኪናው ወርዶ ቆመና የሁለት ሰዓት መዝገብ ገደል ገባ። መደበቅ ወጥመድ ከሆነ የመጀመሪያው ተከሳሽ እኔ ነኝ።

በካሊፎርኒያ ቃሉ የመንገደኛ እሮሮ ብቻ አይደለም፣ በሕግ ተተርጉሟል። የተሽከርካሪ ሕጉ አንቀጽ 40802 ሁለት ነገሮችን ወጥመድ ይላል። አንደኛው የድሮ ብልሃት ነው፦ መንገዱን በምልክት ለክቶ መኪናው በሁለቱ ምልክቶች መካከል የፈጀውን ጊዜ እያሰሉ መያዝ። ዛሬ ሰው የሚያስመልጠው ሁለተኛው ነው፦ እኔ እንደምሠራው ባለ የፍጥነት ጥናት ባልተደገፈ ገደብ ላይ በራዳር መያዝ። ጥናቱ የሚያገለግለው 5 ዓመት ነው። ፖሊሱ ሠልጥኖ መሣሪያውም ተፈትሾ ከሆነ 7 ይደርሳል፤ መንገዱ ብዙ እንዳልተለወጠ መሐንዲስ ካረጋገጠ ደግሞ እስከ 14 ሊሄድ ይችላል። ወጥመድ መሆኑ ከታወቀ ፖሊሱ ስለ ፍጥነቱ የሚሰጠው ምስክርነት ተቀባይነት የለውም። የትምህርት ቤት አካባቢና የሰፈር ውስጥ መንገድ ግን በሁለተኛው ትርጉም አይሸፈኑም፤ ይህን ሳያውቁ ፍርድ ቤት ሄደው አፍረው የተመለሱ አሉ።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ስለ ቁጥቋጦ የሚናገር መስመር የለም። ምናልባት ተንታኛችን የጆርጂያን ሕግ ሰምቶ ይሆናል። እዚያ የከተማ ወይም የካውንቲ ፖሊስ ቆሞ ራዳር ሲጠቀም መኪናው ቢያንስ ከ500 ጫማ ርቀት መታየት አለበት። አትላንታ ያለው ወንድማችን ይህን ቢከራከርበት ያስኬዳል። የአንዱን ግዛት ሕግ ይዞ ሌላው ግዛት ዳኛ ፊት መቆም ግን ምን ይባላል?

ወደ ወጥመዱ ልመለስ፤ ሥጋውን፣ ማለትም የቅጣቱን ገንዘብ፣ ማን እንደሚበላ አላነሳሁምና። ፍሎሪዳ ውስጥ ሃምፕተን የምትባል 477 ነዋሪ የነበራት ከተማ አለች። አውራ ጎዳናው ቁጥር 301 የሚያልፈው ከከተማዋ ወጣ ብሎ ነው። ሃምፕተን ምን አደረገች? 1,260 ጫማ ያህል የጎዳናውን ቁራጭ ወደ ወሰኗ ቀላቀለችና ፖሊሶቿን እዚያ አቆመች። አዳኙ ጫካ መውረድ ቢታክተው ዱካውን ራሱን ወደ ጓሮው ሳበው ማለት ነው። በ2014 የግዛቲቱ ሕግ አውጪዎች ከተማዋን ሊያፈርሷት ጥቂት ቀርቷቸው ነበር። በዚያው ጎዳና ላይ ያለችው ዋልዶም በዚያው ዓመት የፖሊስ ክፍሏን በተነች። ቴክሳስ ነገሩን በገንዘብ በኩል ነው የያዘችው፦ ከ5,000 ሕዝብ በታች ያላት ከተማ ከትራፊክ ቅጣት የምታገኘው ከዓመት ገቢዋ 30 በመቶ ካለፈ ትርፉን ለግዛቱ ታስረክባለች። ሥጋው ለሌላ የሚሄድ ከሆነ ገመድ የሚዘረጋ ይቀንሳል።

የእኛም ሙያ ከደሙ ንጹሕ አይደለም። 85 ከመቶ የሚለው ልኬት የሚያዳምጠው የሚነዳውን ነው፤ መንገድ ለመሻገር የቆመችው እናት በመዝገቤ ላይ የለችም። ስለዚህ እግረኛ በሚበዛበት ቦታ ገደቡ ከዱካው በታች ቢሆን ሁልጊዜ ወጥመድ ነው ማለት አይቻልም፤ ካሊፎርኒያም በ2021 ባወጣችው ሕግ ለከተሞች በዚህ በኩል የተወሰነ ነጻነት ሰጥታለች። ደግሞም «ፖሊሱ በጎን ስለቆመ ራዳሩ ፍጥነቴን አጋነነ» የሚል ክርክር አታንሱ። ቆሞ የሚለካ ራዳር ከጎን ሲያይ የሚያሳየው ከእውነተኛው ፍጥነት ያነሰ ነው። እየሄደ የሚለካ ከሆነ ሌላ ነገር ነው፣ እሱን ለሌላ ቀን።

ከባድ መኪና የሚነዳ አንድ ወዳጄ ትናንት ደውሎ «ወጥመድ ውስጥ ገባሁ» አለኝ። ማስረጃ ካለህ ላክልኝ አልኩት። ወዲያው ሦስት ፎቶ ደረሰኝ፤ ሦስቱም የቁጥቋጦው ናቸው፣ በአንዱ የፖሊሱ መኪና አፍንጫ ይታያል። የፍጥነት ገደቡን ምልክት ፎቶ አንስተሃል ወይ ብለው «እሱማ ምን ያደርጋል?» አለኝ።