በመናፈሻ ውስጥ ለሟች በጎ ፈቃደኛ ስያሜ ሲሰጥ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አንድ ሰው ነበር እንበል። ጠዋት ጠዋት መናፈሻውን ይዞራል። ቆሻሻ ይለቅማል፣ ችግኝ ያጠጣል፣ የላላ አጥር ያጠብቃል። ማንም አልቀጠረውም። ይህ ሰው አረፈ። ከቀብር መልስ አንዱ ተነስቶ "ለምን በስሙ አንድ ነገር አንሰይምለትም?" ይላል። ሁሉም ራሱን ይነቀንቃል። ጭቅጭቁ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ብዙውን ጊዜ መነሻው ክፋት አይደለም። ሰው ስለ ስያሜ ሲሰማ የኖረውና እውነታው ስለማይገናኙ ነው።

"ስም የሚወጣው ለታዋቂ ወይም ለባለ ገንዘብ ነው"

አይደለም። ሊዝ ክሪስቲ የምትባል የኒው ዮርክ አርቲስት ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1973 ከጓደኞቿ ጋር ሆና ማንሃተን ውስጥ ቆሻሻ የሞላበትን አንድ ባዶ ቦታ አጽድታ አትክልት ተከለች። በ1985 አረፈች። በዓመቱ ቦታው በስሟ ተሰየመ። ዛሬም የሊዝ ክሪስቲ የአትክልት ስፍራ ይባላል። ሀብቷ አልነበረም ያስጠራት። አካፋዋ ነው።

ስያሜ የሚጠይቅ ሰው መያዝ ያለበትም ይህንኑ ነው። "ደግ ሰው ነበር" የሚል ደብዳቤ ማንንም አያሳምንም፤ ስለ ሟች እንዲህ የማይባል ማን አለ? ምን ሠራ? የት ጋ? ስንት ዓመት? ማን አየው? የድሮ ፎቶ፣ አብረውት የሠሩ ሰዎች ቃል፣ እሱ የተከለው ዛፍ ያለበት ቦታ፤ ክብደት ያላቸው እነዚህ ናቸው።

"ሐዘኑ ሳይበርድ ካልተሰየመ ይረሳል"

ይህኛው ከሁሉም ይከብዳል። ምክንያቱም ግማሹ እውነት ነው። ሰው በሐዘን ሰሞን ይሰበሰባል፣ ፊርማ ይሰጣል፣ ገንዘብ ያዋጣል። ስድስት ወር ሲያልፍ ስልክ የሚያነሳ ይጠፋል።

ቢሆንም ብዙ ቦታ የስያሜ ደንብ ሆን ብሎ ያዘገያል። የአሜሪካ የጂኦግራፊያዊ ስሞች ቦርድ ተራራን ወይም ወንዝን በሰው ስም ለመሰየም የሚቀርብ ጥያቄን ለማየት ሰውየው ከሞተ 5 ዓመት መሙላት አለበት ይላል። የተባበሩት መንግሥታት የጂኦግራፊያዊ ስሞች ጉባኤም እ.ኤ.አ. በ2002 በርሊን ላይ አገሮች በሕይወት ባለ ሰው ስም ቦታ እንዳይሰይሙና የመቆያ ጊዜ በመመሪያቸው እንዲያስቀምጡ መክሯል። እነዚህ የሚያወሩት ስለ ተራራና ወንዝ ነው እንጂ ስለ አግዳሚ ወንበር አይደለም። ምክንያቱ ግን ለመናፈሻም ይሠራል። በሐዘን የተወሰነ ነገር ቆይቶ ሊያጣላ ይችላል። ያልተሰማ ታሪክ ይወጣል። ወይም ሥራውን ከሟቹ በፊት የጀመረችው ሴት ትዝ ትላለች።

እኔ የምለው፣ ማዘግየት ያለበት ውሳኔው ነው። ማስረጃው ግን አሁኑኑ ይሰብሰብ። ምስክሮቹም ያረጃሉ።

"ሰሌዳ ከተለጠፈ ተሰየመ ማለት ነው"

ሁለቱ ለየቅል ናቸው። አንዱ መታሰቢያ ነው፤ ወንበር ላይ ወይም ድንጋይ ላይ "ለእገሌ መታሰቢያ" ተብሎ ይጻፋል፣ አለቀ። ሌላው ኦፊሴላዊ ስያሜ ነው። ይህኛው ካርታ ላይ ይገባል፣ አቅጣጫ ጠቋሚ ላይ ይጻፋል፣ ሰው ሲወድቅ አምቡላንስ የሚጠራው በእሱ ነው። ለዚህ ነው በአንድ ከተማ ሁለት ተመሳሳይ ስም ሲመጣ ኃላፊዎች ግግም የሚሉት። ቢሮክራሲ ይመስላል፣ ነገር ግን የአምቡላንስ ሹፌር የተሳሳተው ድልድይ ጋ ቆሞ ቢደውል ማን ይመልስለታል?

ሁለቱም የቦታውን ባለቤት ፈቃድ ይፈልጋሉ። በራስ ገንዘብ አሠርቶ ሌሊት መለጠፍ አያዋጣም፤ ሊነቀል ይችላል። ብዙ ቤተሰብ የሚፈልገው በመሠረቱ መታሰቢያውን ነው። ሂደቱም ይቀላል። መጀመሪያ የትኛውን እንደምትጠይቁ ለዩ።

"የመናፈሻው ስም ካልተቀየረ ክብር አይሆንም"

የኒው ዮርኩ ሴንትራል ፓርክ ውስጥ ለዘፋኙ ጆን ሌነን መታሰቢያ የተከለለ ስፍራ አለ። ስትሮበሪ ፊልድስ ይባላል። ስሙ የጸደቀው እ.ኤ.አ. በ1981 ነው፣ ስፍራው ተሠርቶ የተመረቀው በ1985። ሴንትራል ፓርክ እስከ ዛሬ ሴንትራል ፓርክ ነው። ሰው ግን ቦታውን ፈልጎ ይሄዳል።

ትንሽ ነገር ብዙ ጊዜ ይበልጣል። የእግር መንገድ፣ ትንሽ ድልድይ፣ የልጆች መጫወቻ፣ የአበባ መደብ። ዋናው ሰውየው እጁን ያሳረፈበት መሆኑ ነው። ዕድሜውን ዛፍ ሲያጠጣ ለኖረ ሰው፣ ስም ያልወጣለት መኪና ማቆሚያው ብቻ ነው ብሎ ያንን በስሙ መሰየም ቀልድ ይመስላል።

"የአንዱ ስም ከተጻፈ የሌላው ልፋት ተካደ"

"እሱ ብቻ ነው እንዴ የለፋው?" የሚል ድምፅ ሳይሰማ አይቀርም። ቅናት ነው ብሎ ማለፍ ስህተት ነው። አብዛኛውን ጊዜ እውነት አለው። መፍትሔው ስሙን መተው ሳይሆን ጽሑፉን ማስተካከል ነው። "ከጎረቤቶቹ ጋር ይህን ዳገት በዛፍ ሸፈነ" የሚል መስመር ስሙንም ያነሳል፣ ሌላውንም አያስቀይምም።

ሎንደን ፖስትማንስ ፓርክ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1900 የቆመ መታሰቢያ አለ። ሌላውን ለማዳን ሕይወታቸውን ያጡ ተራ ሰዎች በሸክላ ሰሌዳ ላይ ተጽፈዋል። ስም፣ ቀን፣ የሠሩት ነገር። ይኸው ነው። "ታላቁ"፣ "የማይረሳው" የሚል ቅጽል ሳያስፈልግ ሰው ቆሞ ያነባቸዋል።

"ቤተሰቡ ደስ ይለዋል፣ መጠየቅ ምን ያስፈልጋል?"

ይጠየቅ። ስሙ በምን ፊደል ይጻፍ፣ የሚታወቅበት የቁልምጫ ስም ይግባ አይግባ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። በሕይወት እያለ "እኔን አታንሱኝ" ይል የነበረም አለ።

"አንዴ ከተሰየመ ለዘላለም ነው"

እንጨት ይበሰብሳል። ዛፍ ይደርቃል። መንገድ በአዲስ ፕላን ይነሳል። በብዙ ቦታ ደንቡ ስሙ የሚቆየው ዕቃው እስካለ ድረስ ነው ይላል። ስለዚህ ከምርቃቱ በፊት ይህ በወረቀት ይስፈር፦ ወንበሩ ሲተካ ስሙ አብሮ ይዛወራል? ሰሌዳውን ማን ይወለውላል? ሲነሳስ ለማን ይመለሳል፣ በየትኛው ስልክ ይደወላል? ይህ ካልተጻፈ አንድ ቀን ሠራተኛ ሰሌዳውን ነቅሎ መጋዘን ይከተዋል። በሌላ ቀን ደግሞ ልጁ አበባ ይዞ መጥቶ ባዶ ሣር ያገኛል።