የጻድቁን ዱር ማን ይጠብቅ?

ወገኖቼ፣ የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ በዓል በመጣ ቁጥር ልቤ ዝቋላ ይሄዳል። ጻድቁ ከ60 አንበሶችና ከ60 ነብሮች ጋር በዱር እንደኖሩ ገድላቸው ይነግረናል። አራዊቱ አልነኳቸውም፤ እሳቸውም አላባረሯቸውም። አዳም ከመበደሉ በፊት የነበረው ሰላም በእሳቸው ዘንድ ታየ።

ለአዳም የተሰጠውን ሥራ አስቡት። «ያበጃትም ይጠብቃትም ዘንድ በዔድን ገነት አኖረው» ይላል (ዘፍ. 2፥15)። «ከዚህች ዛፍ አትብላ» የሚለው ትእዛዝ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ከጾሙ በፊት ጥበቃ ነበረ ማለት ነው። እኛ ታዲያ ጾሙን አጥብቀን ይዘን ጥበቃውን ምነው ጣልነው?

ለንግሥ ሄዶ የወይራ ቅርንጫፍ ሰብሮ የሚያነድ አለ። ያሳዝናል። እኔን የበለጠ የሚያመኝ ግን የኃላፊዎቻችን ነገር ነው። ምስኪኗ እናት ከቅጥሩ ጭራሮ ስትለቅም ቁጣ ይወርድባታል። የኮሚቴው ዘመድ ትልቁን ጥድ ሲያስቆርጥ ግን ሁሉም ዝም! ሐዋርያው ጴጥሮስ ሽማግሌዎችን «ለመንጋው ምሳሌ ሁኑ» ያለው ለዚህ አይደለም እንዴ?

ደግሞ ተስፋ አትቁረጡ። በደቡብ ጎንደር የአብያተ ክርስቲያናትን ደን ያጠኑት ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ አንድ ነገር አሳይተውናል። ከብት ከገባ ችግኙን ይግጠዋል፣ ይረግጠዋል። ዛፉ ሲያረጅ ተተኪ የለውም። ይህን የተረዱ ካህናት ሕዝቡን አስተባበሩ። ከየማሳው ድንጋይ ተለቀመ፤ ደኑ ዙሪያውን ታጠረ። ልብ በሉ፣ እንዲህ ያለ አጥር ሲቆም የቄሱም ላም የምትቀረው ውጭ ነው። መሪው መጀመሪያ የራሱን ላም ካላስወጣ ማን ይሰማዋል?

በ2004 ዓ.ም. የዝቋላ ደን ሲቃጠል ስንቱ ወጣት ተራራውን ወጥቶ ከመነኮሳቱ ጋር ከእሳቱ ታገለ! እግዚአብሔር ይስጣቸው። እሳት ሲነሳ እንዲህ እንሮጣለን። ችግኝ በከብት ሲያልቅ ግን ደወል የሚደውል የለም። ጭስ የለውማ።

እባካችሁ፣ በሚቀጥለው የሰበካ ጉባኤ ስብሰባ ተነሡና በትሕትና ጠይቁ። ያ ጥድ በማን ፈቃድ ተቆረጠ? ገንዘቡስ የት ገባ? በቦታው ማን ተከለ? የተተከለውንስ ለክረምቱ ብቻ ሳይሆን ለበጋው ውኃ የሚያጠጣ ማን ተመደበ? መልስ ከሌለ የሰንበት ተማሪዎች፣ እናንተ ተራ ይዛችሁ አጠጡ።