ደርማቶም ነው ወይስ ነርቭ?

ጅማ ዋርድ ላይ ትንሿ ጣት ደነዘዘች ሲባል አንዱ ሲ8 (ስምንተኛው የአንገት ነርቭ ስር) ነው ይላል ሌላው አልናር (በክንዱ ውስጠኛ ጎን ወደ ትንሿ ጣት የሚወርደው ነርቭ) ነው ይላል። ደርማቶም ማለት ከአንድ የአከርካሪ ነርቭ ስር (ነርቩ ከአከርካሪ ከሚነሳበት) ስሜት የሚያገኝ የቆዳ ክፍል ነው፣ አልናር ግን በዋናነት ከሲ8ና ከቲ1 (የመጀመሪያው የደረት ነርቭ ስር) ተቀላቅሎ የሚወጣ ስለሆነ ካርታቸው አንድ አይደለም። የቀለበት ጣትን እዩዋት፣ በትንሿ ጣት በኩል ያለው ግማሿ ብቻ ደንዝዞ ድንዛዜው የእጅ አንጓው አካባቢ ከቆመ ባብዛኛው አልናር ነው፣ በክንዱ ውስጠኛ ጎን ወደ ላይ ከወጣ ግን ስሩን ጠርጥሩ። ስትመረምሩ መጀመሪያ ደህና ቦታ ላይ፣ ደረት ለምሳሌ፣ በስፒል ነካ አድርጋችሁ አሳዩ (ታካሚው ኦሮምኛ ብቻ ከሆነ የሚናገረው አስተርጓሚውም ይሄኔ ይግባው)፣ ከዛ አይን አስጨፍናችሁ ግራና ቀኙን እያወዳደራችሁ ከደነዘዘው ወደ ደህናው ሂዱ። "አመመዎት?" ማለት ብዙም አይጠቅምም ባይ ነኝ፣ "ሹል ነው ዱልዱም?" በሉ።