እባብ ያየ በልጥ በረየ፦ የደቻቱ ልጆች የሚያውቁት ፍቺ

ይህ ተረት ብዙ ጊዜ የሚነገረው በሳቅ ነው። አንድ ሰው በር ሲንኳኳ ክው ካለ፣ ወይም ገንዘቡን አሥር ጊዜ ከቆጠረ፣ አጠገቡ ያለው ሰው «እባብ ያየ በልጥ በረየ» ብሎ ይተርትበታል። ተናጋሪው ምን ለማለት እንደፈለገ ይገባኛል። ሆኖም ተረቱ ለፌዝ የተሠራ አይመስለኝም፤ ድሬዳዋ ላደገ ሰው ደግሞ ጨርሶ የፌዝ ጉዳይ አይደለም።

ከቃላቱ ልጀምር። ልጥ ከዛፍ ላይ ተልጦ ለማሰሪያ የሚሆን ቅርፊት ነው። እርጥብ ሳለ እንደ ገመድ ይታጠፋል፤ ሲደርቅ ደግሞ ያሰረውን አጥብቆ ይይዛል። ሚስማርና ሲባጎ እንደ ልብ በማይገኝበት አገር የጎጆው ማገር፣ የአጥሩ እንጨትና የጭራሮው ሸክም የሚታሰሩት በእርሱ ነበር። ሸክሙ ተፈትቶ ልጡ ደጃፍ ላይ ሲጣል፣ መልኩ ቡናማ ሆኖ፣ ጥቅልል ብሎ፣ አንዱን ጫፉን ቀና አድርጎ ይቀመጣል። በምሽት፣ ኩራዝ ባልደረሰበት ጥግ ያየው ሰው እባብ ነው ብሎ ቢዘል የሚፈረድበት አይደለም። የተረቱ መነሻ ይኸው የገጠር ደጃፍ ነው፤ እባቡም ልጡም አንድ ግቢ ውስጥ የሚገኙበት ኑሮ።

«በረየ» ማለት ደነበረ፣ ደንግጦ ሸሸ ማለት ነው። ዛሬ ይህን ግስ ከዚህ ተረት ውጭ የምሰማው ከስንት አንዴ ነው። «ያየ» እና «በረየ» ቤት ስለሚመቱ ተረቱ ቃሉን አቅፎ አቆየልን።

እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ግን «ያየ» የምትለው ቃል ናት። አንዳንዶች በእርሷ ቦታ «የተነደፈ» ሲሉ ሰምቻለሁ። የቀድሞው አባባል ይበልጥብኛል፤ ምክንያቱም ሰውን ለመለወጥ መነደፍ አያስፈልግም፣ ማየት ብቻውን ይበቃል ይላል። ደግሞም «የሰማ» አይልም። ይህን ልዩነት የተማርኩት ደቻቱ ዳር ነው።

ድሬዳዋን የማያውቅ አንባቢ ደቻቱ ወንዝ ነው ስለው ውኃ ይታየው ይሆናል። ለእኛ ደቻቱ አሸዋ ነበር። ከተማዋን ከዚራና መጋላ ብሎ ለሁለት የሚከፍል፣ በዓመቱ አብዛኛው ቀን ደርቆ የሚውል ሰፊ የአሸዋ መንገድ። ኳስ የምንጫወተው እዚያ ነው። ወደ ቀፊራ ገበያ የሚወርዱት የገጠር ሴቶች የእንጨት ሸክማቸውን አሳርፈው ላባቸውን የሚጠርጉት እዚያው ዳር ነው። ሸክማቸው ይታሰርበት የነበረውን ልጥ እየለቀምን ጅራፍ እንሠራበት ነበር። ልጥ ለእኛ መጫወቻ ነበር፤ ደቻቱም እንዲሁ።

ሽማግሌዎቹ ይነግሩን ነበር። «ሰማዩን አትዩ፣ ደንገጎን እዩ» ይሉናል፤ በሐረር መንገድ በኩል ከከተማዋ በላይ ያለውን ተራራ ማለታቸው ነው። ነገሩ ቀላል የመሬት አቀማመጥ ነው፦ ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን ሐረርና በዙሪያዋ ያለው ደጋ ከእርሷ ብዙ መቶ ሜትሮች ከፍ ይላል። ዝናቡ ደጋው ላይ ይዘንባል፤ ውኃው ተዳፋቱን ይዞ ይወርዳል፤ ከተማው ውስጥ ጠብታ ሳይወድቅ ጎርፍ ሊመጣ ይችላል። ይህን እንደ ትምህርት ሰምተነዋል። ሰምተን ደግሞ ኳሳችንን መጫወት ቀጠልን፤ ከራሳችን በላይ ያለው ሰማይ ጥርት ያለ ሰማያዊ ነበርና።

ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ለእሁድ አጥቢያ፣ ሰው በተኛበት፣ ውኃው መጣ። ከ250 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ከቤታቸው ተፈናቀሉ። እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። የኛ ቤት ከፍ ያለ ቦታ ላይ ስለነበር አልተነካንም። ማለት የምፈልገውም ይህንኑ ነው፤ አልተነደፍንም፣ ግን አየን። በማግስቱ የኳስ ሜዳችን ጭቃና የቤት ዕቃ ተሸክሞ ሳይ፣ አብረውን ይጫወቱ ከነበሩት ልጆች ማን እንደመጣና ማን እንዳልመጣ መቁጠር ጀመርን። ልጅ ሆኜ የቆጠርኩት የመጨረሻው ነገር ያ ይመስለኛል። ከዚያ በኋላ ደቻቱ አሸዋ መሆኑ አብቅቶ ወንዝ ሆነብኝ፤ ባዶውን ሳየው እንኳ ውኃው ይታየኛል።

እናቴ ለዓመታት ክረምት ሲገባ ጫማችንን በር ሥር ደርድራ፣ የመታወቂያና የትምህርት ወረቀታችንን በፌስታል ጠቅልላ ከራስጌዋ አድርጋ ነበር የምትተኛው። ጎርፉ ሲመጣ ድንጋይ እያንከባለለ ስለነበር ድምፁ ከውኃ ይልቅ የድንጋይ ድምፅ ነው። ስለዚህ የሰፈራችን ልጥ ድምፅ ሆነ፦ ገልባጭ መኪና በሌሊት ጠጠር ሲያራግፍ መንደሩ በሙሉ በር ከፍቶ ይወጣል። አንድ ክረምት ከአዲስ አበባ ሊጠይቀን የመጣው ታናሽ ወንድሟ እንዲህ ተሯሩጠን ስንወጣ አይቶ ሳቀና ተረቱን ተረተብን። እናቴ አልተቆጣችም። ነጠላዋን እያስተካከለች፣ «ልጥ መሆኑንማ እኔም አውቃለሁ፤ እባቡን ግን አንተ አታውቀውም» አለችው።

ከሰማኋቸው የተረቱ ፍቺዎች ሁሉ ይህን የሚያህል አላገኘሁም። የበረየ ሰው ዓይኑ አልተሳሳተም፤ ልጥና እባብን መለየት አላቃተውም። የተለወጠው ከማየቱ በፊት ያለው ነገር ነው። ያላየ ሰው አስቀድሞ ያምናል፣ ከዚያ ይመረምራል። ያየ ሰው አስቀድሞ ይዘላል፣ ከዚያ ይመረምራል። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለው ተረት ከዚህኛው ጋር የሚዛመድ ይመስላል፤ ነገር ግን እርሱ ምክር ነው፣ ጠርጥር ይላል። የልጡ ተረት ማንንም አይመክርም። አንድ ሰው እንዲህ ሆነ ብሎ ብቻ ይነግረናል፤ ለዚያም ሰው አዘኔታ ያለበት ይመስለኛል።

ይሁንና ማየት ሁልጊዜ ፍርሃት ብቻ ያስተምራል ብዬ ብናገር ሐረር ላይ ያሉት ዘመዶቼ ይታዘቡኛል። በሌላው አገር እናት ልጇን ዝም የምታሰኘው «ጅብ መጣ» ብላ ነው። ሐረር ጀጎል ውስጥ ግን ግንቡ ላይ ለጅብ ማለፊያ ቀዳዳ ተትቶለታል፤ ማታ ማታ ከግንቡ ውጭ ሥጋ ሲበላ ከሰው እጅ ነው፤ በአሹራ በዓል ገንፎ ይቀርብለታል። እዚያ ያደገች የአጎቴ ልጅ በምሽት በጠባቡ መንገድ ጅብ ሲያልፍ ጠጋ ብላ ታሳልፈዋለች፤ እኔ እሮጣለሁ። እርሷ ያየችው ከሕፃንነቷ ጀምሮ፣ ቀስ በቀስ፣ ከሰዎች መካከል ሆና ነው። እኔ ደቻቱን ያየሁት በአንድ ሌሊት ነው። ተረቱን ስንተርት ሰውየው እባቡን እንዴት እንዳየው ብንጠይቅ መልካም ነበር፤ ድንገት ነው ወይስ ለምዶ? ብቻውን ነው ወይስ ሰው አጠገቡ ነበር?

ስለዚህ ባልንጀራዬ ሁለተኛ ዋስ አልሆንም ሲለኝ፣ ወይም የተከዳች ሴት ደግ ሰው ቀርቧት ስትሸሽ ሳይ፣ ይህን ተረት በፊታቸው አልተርትም። በሌሉበት፣ ፈሪ ናቸው ሲባሉ ስሰማ ግን እተርተዋለሁ። ትክክለኛ ቦታው እዚያ ነው፤ ለመሳቂያነት ሳይሆን ለጥብቅና።

ዛሬ የደቻቱ ዳርና ዳር በመከላከያ ግንብ ታጥሯል። ባለፈው ሐምሌ የእህቴን ልጅ ይዤ በዚያ በኩል ሳልፍ ልጆች አሸዋው ላይ ኳስ ይጫወቱ ነበር። ልግባ አለኝ። ስለ ጎርፉ ልነግረው ጀመርኩና ተውኩት፤ እንደ እኛ ሰምቶ እንደሚያልፈው አውቃለሁ፣ እንዲያይ ደግሞ አልመኝለትም። ጫማውን አወለቅሁለትና ግንቡ ላይ ተቀመጥኩ። ከጎን ያለች ሻይ የምትሸጥ ሴት ፊቴን ወዴት እንዳዞርኩ አይታ፣ ምንም ሳትጠይቀኝ፣ «ዛሬ ደንገጎ ላይ ደመና የለም» አለችኝ። እርሷም ፊቷን ያዞረችው ወደዚያው ነበር።